ግራና ቀኙ የተምታታው ልብ

ለወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንደምን አለህልኝ? ወገብህስ እንዴት ነው? ጎንበስ ብለህ ስትበይድ ቀስፎ የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም «ምንም አይደል» እያልክ ትሸፍነዋለህ? መነጽር ሳላደርግ እሳቱን አላይም ብለህ ምለህልኝ ነበር፤ መሐላህ ጸንቷል? የእማዬ ዓይን ከተገለጠላት ወዲህ እንዴት ሆነች? መርፌ ላይ ክር ራሷ አስገባች የተባለው እውነት ነው ወይስ እኔን ለማስደሰት የተፈጠረ ወሬ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኔማ «ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ብዕር አንስቼ ነበር፤ ግን ውሸት ሆነብኝና ተውኩት። ጤናዬ ደህና ነው። ከምግብና ከዕረፍት ጋር ግን ከተኳረፍን ሰነባበትን።

ሰሞኑን ስትደውል ቶሎ ቶሎ የምዘጋው ጠልቼህ እንዳይመስልህ። እማዬ ሁልጊዜ አጠገብህ ናት፤ እሷ ደግሞ ድምፄን ብቻ ሰምታ ምሳ መብላቴንና አለመብላቴን ታውቃለች። ስለዚህ ይህን ለብቻህ አንብበውና ለእሷ የሚነገረውን አንተው መርጠህ ንገራት። ደግሞም ነገሩ ካንተ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ፤ እሱን ስደርስበት እነግርሃለሁ።

እዚህ ትምህርት ቤት ከመጣሁ ዘጠኝ ወሬ ነው፤ ቅጥሬም ገና የሙከራ ነው። የሰጡኝ የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ነው። ሃምሳ ሁለት ልጆች በአንድ ክፍል፣ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ። ክፍሉ እንደ ባቡር ረጅምና ጠባብ ነው፤ ከኋላ የተቀመጡት ሰሌዳውን ለማየት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። መጀመሪያ ላይ ጎበዞች መስለውኝ ነበር። የጻፍኩትን ሁሉ ቃል በቃል ይገለብጣሉ፣ ስጠይቃቸውም እንደ ውሃ ያወርዱታል። «እሺ፣ ምን ማለት ነው?» ስላቸው ግን ሃምሳ ሁለቱም ጣራውን ያያሉ። ጣራው ላይ መልስ የተጻፈ ይመስል እኔም አንድ ቀን ቀና ብዬ አይቻለሁ።

በአንድ ስልጠና ላይ ኢንፎግራፊክ ስለሚባል ነገር ሰምቼ ነበር። ጋዜጣ ላይ አይተኸው ይሆናል፤ አንድን ሰፊ ጉዳይ በአንድ ገጽ ላይ በሥዕል፣ በቀስት፣ በቁጥርና በጥቂት ቃላት ጠቅልሎ የሚያሳይ ነው። እናንተ መበየጃ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን፣ ሰውዬው መነጽር አድርጎ የሚታይበትን ማስጠንቀቂያ አስበው፤ እሱን አሳድገህ ምዕራፍ ሙሉ አድርገው። እኔ ሠርቼ ብሰቅልላቸው ያንኑ እንደሚሸመድዱት ስለገባኝ፣ ራሳቸው እንዲሠሩት አደረግሁ። ለአራት ለአራት ከፈልኳቸውና ለየቡድኑ አንድ አንድ ርዕስ ሰጠሁ። ከአርባ ቃል በላይ አይጻፍም አልኳቸው። አርባ ቃል ብቻ የተፈቀደለት ልጅ የትኛውን ጥሎ የትኛውን እንደሚያስቀር ማሰብ ግድ ይሆንበታል፤ ለመምረጥ ደግሞ መጀመሪያ መረዳት አለበት። ሁለተኛው ሕግ፣ ሠሪው አጠገቡ ባይቆምም ሌላ ልጅ ወረቀቱን አይቶ ማስረዳት መቻል አለበት የሚል ነበር።

ጋሼ፣ ብታያቸው! የአሮጌ ካላንደር ጀርባ፣ የካርቶን ክዳን፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ያላመጡት ነገር የለም። አንዱ ቡድን የምግብ መፈጨትን እንደ አውቶቡስ መስመር ሣለው፤ አፍ መነሻ፣ ጨጓራ ትልቁ ፌርማታ፤ የመጨረሻውን ፌርማታ አንተው ገምተው፣ ልጆቹ እሱን ሲሥሉ በሳቅ ሊሞቱ ነበር። ግድግዳው ሞላ። ለፈተና ሲያጠኑ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቆሙና፣ አንዱ ቃላቱን በእጁ ይሸፍናል፣ ሌላው ከሥዕሉ ብቻ ያስረዳል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼ የማላውቀው ልጅ ስለ ኩላሊት ሲከራከር ሰማሁት። ለእኔ ከዚህ በላይ ደስታ አልነበረም።

ሁሉም ግን አልወደደውም። ልጆቹ «አባ ጠመኔ» የሚሏቸው የፊዚክስ መምህር አሉ፤ የኮታቸው እጅጌ ከሠላሳ ዓመት የጠመኔ ብናኝ ነጥቶ ቀርቷል። በራፌ ላይ ቆመው ግድግዳውን ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይኼ ሳይንስ ነው ወይስ የሠርግ ቤት?» አሉኝ። ርዕሰ መምህሩም ሲያልፉ ሲያገድሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የስምንተኛ ክፍል ውጤት ባለፈው ዓመት ስለወደቀ ከበላይ ተወቅሰዋል። የተወቀሰ ሰው ደግሞ አዲስ ነገር ሲያይ ይደነግጣል።

ከሁሉም ወረቀት የሚያምረው የልብና የደም ዝውውር ነበር። የሣለችው አንዲት ጭምት ልጅ ናት። እናቷ ልብስ ሰፊ ነች፤ ልጅቷም መስመር ስታሰምር እጇ ንቅንቅ አይልም። ቀዩን ደምና ሰማያዊውን ደም እንደ ሁለት መንገድ አድርጋ፣ ቀስቶቹን ትንንሽ፣ ቆንጆ፣ ሁሉንም እኩል አድርጋ ሠርታዋለች። በጣም ስለወደድኩት ከግርጌው በቀይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩበት፤ አሳንሼም ፎቶ ኮፒ አስደረግሁና እንዲያጠኑበት ለክፍሉ በሙሉ አደልኩት። ሁሉም ደብተራቸው ላይ ለጠፉት።

ከዚያ የሞዴል ፈተና መጣ። አንዱ ጥያቄ፣ ደምን ወደ መላው ሰውነት የሚገፋው የትኛው የልብ ክፍል ነው የሚል ነበር። መልሱ ግራው ነው። ወረቀት ሳርም የመጀመሪያው ልጅ «ቀኝ» አለ፤ ኤክስ አደረግሁ። ሁለተኛውም «ቀኝ»። አምስተኛው ላይ ስደርስ ማረሜን ትቼ መቁጠር ጀመርኩ። ከሃምሳ ሁለቱ አርባ አንዱ «ቀኝ» ብለዋል። ሮጥ ብዬ ክፍሉ ገባሁና ግድግዳውን አየሁ። በዚያ ባማረ ወረቀት ላይ ግራ መሆን ያለበት ቀኝ፣ ቀኝ መሆን ያለበት ግራ ተብሎ፣ በወፍራም ፊደል ተጽፎ ቆሟል። ከሥሩ ደግሞ የኔ ቀይ ጽሕፈት።

ርዕሰ መምህሩ ውጤቱን እንዳዩ አስጠሩኝ። ቁጣ እንኳ አልነበረባቸውም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። «ዋናው ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ልጅ ልጅን ያስተምር ብለሽ ለቀቅሻቸው፤ ይኸው ዕውር ዕውርን መርቶ ተያይዘው ገደል» አሉኝ። ዓርብ የወላጆች ስብሰባ እንደሚጠሩ፣ ወረቀቶቹ በሙሉ እንደሚነሱና ስለ እኔ ቅጥርም «ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» ብለው ወደ ፋይላቸው ተመለሱ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርህ። ከቢሮው ወጣሁ። በቀጥታ ክፍል ገባሁና ልጅቷን ከሃምሳ ሁለቱ መካከል ለይቼ አስነሣኋት። የቡድኗ ሦስት ልጆች አንገታቸውን ደፉ፤ እነሱን አልነካሁም። «ቀለም ማሳመር ዕውቀት አይደለም። ክፍሉን በሙሉ ይዘሽ ገደል ገባሽ» አልኳት፤ ርዕሰ መምህሩ እኔን የወቀሱበትን ቃል ሳይቀዘቅዝ ወስጄ እሷ ላይ ደፋሁት። አንዴ ቀና ብላ አየችኝ። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈት አደረገችና መልሳ ዘጋችው። ያኔ ከኋላ ወንበር አንዱ «ቀኛዝማች!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ፣ ሳቁን አላስቆምኩም። ላስቆመው እችል ነበር፤ አላስቆምኩትም። ልጅቷ ወረቀቷን ከግድግዳው በቀስታ ነቀለች፣ አራት ቦታ አጠፈች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተቀመጠች። በማግስቱ አልመጣችም። በሣልስቱም አልመጣችም።

በሦስተኛው ቀን የተለጠፈውን ኮፒ ለማረም የክፍሉን ደብተር በሙሉ ሰበሰብኩ። የእሷም ዴስኳ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ አብሮ መጣ። የልብን ትምህርት ያስተማርኩበትን ቀን ገለጥኩ። እኔ ሰሌዳ ላይ የሣልኩት ሥዕል ነበር፤ ቁጭ እንዳለ ገልብጣዋለች። ግራና ቀኙን አየሁ። ተገልብጠዋል። የሌላ ልጅ ደብተር ገለጥኩ፤ ያው ነው። ሌላም፣ ሌላም። ነገሩ ትዝ አለኝ። የዚያን ዕለት መጽሐፉን ለሌላ ክፍል አውሼ ነበር፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚፈጅ ትምህርት በአንድ ልጨርስ እየተጣደፍኩ በቃሌ ሣልኩት፤ ቀኝ የምለውን በራሴ ቀኝ እጅ በኩል፣ ግራ የምለውን በራሴ ግራ በኩል ጻፍኩ። ለካ ግራና ቀኙን ያልለየሁት እኔ ነኝ! ልጅቷ ያደረገችው እኔን ማመን ብቻ ነው።

እሱም ብቻ ቢሆን! በሥዕሉ ጠርዝ ላይ፣ በእርሳስ፣ ቅንጣት በምታክል ጽሕፈት እንዲህ ይላል፤ «መጽሐፉ ላይ በተቃራኒው ነው። ቲቸርን ልጠይቅ።» ይህን ሳነብ አንድ የእረፍት ሰዓት ትዝ አለኝ። መምህራን ክፍል በር ላይ ደብተር ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማ ነበር፤ እኔ ወረቀት እያረምኩ ቀና ሳልል «ኋላ፣ ኋላ» ብያታለሁ። ያ ኋላ ሳይመጣ ቀረ።

አንተ ወንድሜ ነህና አልዋሽህም፤ ወዲያው ተነሥቼ እውነቱን አልተናገርኩም። ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ርዕሰ መምህሩ ጥፋቱ የሥዕሉ ዘዴ ነው ብለው አምነዋል። ዝም ብል የምከፍለው ግድግዳዬን ብቻ ነው። ብናገር ግን የሙከራ ቅጥር ያላት መምህርት ልብን እንኳ ገልብጣ አስተማረች ተብሎ ያልቅልኛል። ቀኑን ሙሉ ቦርሳዬን ይዤ ዞርኩ፤ ድንጋይ የተሸከምኩ ያህል ትከሻዬን ይጎትተኝ ነበር። ሌላ ክፍል ገብቼ ሳስተምር ጠመኔ ባነሣሁ ቁጥር የምጽፈውን አላምነውም። ስሜን እንኳ ትክክል መጻፌን ደግሜ አያለሁ።

ካንተ ጋር ያገናኘዋል ያልኩህ ይኸው ነው። የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪህ ደብተርህን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ እያሳየ «ይህን ያየ ቁጥር ራሱ ያፍራል» ያለህን ቀን አስታወስኩ። ቤት ገብተህ ቦርሳህን በር ጀርባ ጣልከው፣ «ራሴን ያመኛል» አልክ፣ በሳምንቱ መበየጃ ቤት ገባህ። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አንተ ስትበይድ እጅህ የተቃጠለ ቀን ያደግህ መስሎኝ ኮርቼብህ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የሚከነክነኝ፣ ከትምህርት ቤቱ አንድ ሰው ደጃችንን አለመርገጡ ነው። አንድ ሰው። እኛም አልጠበቅንም። ይህን ሳስብ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ቤታቸው ከገበያው ጀርባ ነው። የስፌት መኪናው በራፉ ላይ ብርሃን ፍለጋ ተቀምጧል፤ እናትየው ከመርፌው ዓይኗን ሳትነቅል «ይግቡ» አለችኝ። ልጅቷ ጥግ ላይ በርጩማ ይዛ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ስታየኝ ተነሣች፣ ግን ቀና አላለችም። እናትየው «ትምህርት በቃኝ ብላለች። ምነው ስላት አትነግረኝም። እኔም ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ቁልፍ አስያዝኳት» አለች። ደብተሩን አውጥቼ ልጅቷ ፊት ዘረጋሁት። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አንቺ ትክክሉን አይተሽ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ ቲቸር» አለችኝ።

ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም ስላት ቁልፉን በጣቶቿ እያዞረች ነገረችኝ። መጀመሪያ መጽሐፉ የተሳሳተ መስሏት ነበር፤ ቲቸር ይሳሳታሉ ብላ አላሰበችም። ፈተናው ሲታረም ነው የገባት። «ክፍል ውስጥ ልናገር ነበር። ግን እርስዎ ላይ ከሚስቁ እኔ ላይ ቢስቁ ይሻላል ብዬ ነው። እኔን እኮ የሚያባርረኝ የለም» አለችኝ። ጋሼ፣ ቅጥሬ የሙከራ መሆኑን ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ኖሯል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እንጀራዬን ስትጠብቅልኝ፣ እኔ እሷን ለሳቅ ሰጥቻታለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳትና እንባዬ መጣ።

እናትየው መኪናውን አቆመች። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለች፤ «በኛ ሙያ ግን ልክ የሚወስድ ሌላ፣ የሚሰፋ ሌላ ይሆናል። ልኩ ከተሳሳተ ልብሱ የሚጠበው በሰፋው ሰው ጥፋት አይደለም። ደግሞ ደንበኛ ፊት ያዋረዱትን ሠራተኛ ጓዳ አስገብተው ይቅርታ ቢሉት ምን ይፈይድለታል?» መኪናዋን ረግጣ ሥራዋን ቀጠለች። የምትለኝ ገብቶኛል። ዓርብ ስብሰባው ላይ ኑ ብያቸው ወጣሁ።

ዓርብ እስኪደርስ የኖርኩትን ኑሮ ለጠላቴም አልመኝም። ሦስት ጊዜ ርዕሰ መምህሩ በር ድረስ ሄጄ፣ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ርዕሰ መምህሩ ስለ ሞዴል ፈተናው ውጤት ተናገሩ፣ ወረቀቶቹ ይነሳሉ አሉ፤ ወላጆች አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሳያልቅ እጄን አወጣሁ። ወደ ሰሌዳው ወጣሁና ጠመኔ አነሣሁ። ልቡን ልክ የዚያን ዕለት እንደሣልኩት ሣልኩት። ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ተነሥተው ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው እንዲቆሙና ቀኝ እጃቸውን እንዲያነሡ ለመንኳቸው። እጃቸው የተነሣው በእኔ ግራ በኩል ነው። «ልብ የባለቤቱ ነው» አልኩ፤ «ግራና ቀኙም የሚቆጠረው በባለቤቱ ወገን ነው። እኔ ግን በተመልካች ወገን ቆጠርኩት። ልጆቹ የገለበጡት ከእኔ ሰሌዳ ነው። ወረቀቱን የሣለችው ልጅ ስህተቱን አይታ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር፤ ጊዜ አልሰጠኋትም። ከዚያ በሰው ፊት ሰደብኳት።» ልጅቷ ከእናቷ ጋር በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ወደ እሷ ዞሬ ይቅርታ ጠየቅኋት።

አንድ ሾፌር አባት «ልጆቻችንን ግራ ያጋባች ደግሞ ቆማ ታስተምረናለች!» አሉ፤ ጉምጉምታው ተነሣ። ርዕሰ መምህሩ ግንባራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ያኔ ይነሣሉ ብዬ ፈጽሞ ያልጠበቅኋቸው ሰው፣ አባ ጠመኔ ተነሡ። «እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ» አሉ፤ «በነዚያ ዓመታት ስንት ነገር አዛብቼ እንዳስተማርኩ አላውቅም። የማላውቀው ስላልተሳሳትኩ እንዳይመስላችሁ። ስህተቴ ልጆች ደብተር ውስጥ ተቀብሮ ስለቀረ ነው። የዚች መምህርት ስህተት የታየው ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ነው።» ሊቀመጡ ሲሉ ደግሞ ቀና ብለው «ሥዕሉን ግን አሁንም አልወደውም» አሉና ተቀመጡ። ሰው ሳቀ።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ፋይሌ ውስጥ ገብቷል። ቅጥሬ ይጸና እንደሆነ የዋናው ፈተና ውጤት ሲወጣ ይታያል። ወረቀቶቹ እስከ ፈተናው ይቆዩ ተባለ፤ ግን እያንዳንዱ ከመጽሐፉ ጋር ተመሳክሮ ሁለት መምህራን ይፈርሙበት። ሁለተኛው ፈራሚ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አባ ጠመኔ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ እያጉረመረሙ፣ አንድ ቀስት ሳይቀራቸው አዩት።

ልጅቷ ሰኞ መጣች። ለክፍሉም ያንኑ ነገርኳቸው፤ ልብ የገለበጥኩት እኔ ነኝ አልኩ። ከኋላ ያ መዘዘኛ ድምፅ «ታዲያ ቀኛዝማቿ ቲቸር ናቸዋ!» አለ። ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እሷም አፏን በእጇ ሸፍና ፈገግ ስትል አየኋት። ከዚያ ወረቀቶቹን በሙሉ አውርደን ቡድኖቹ የሌላውን ቡድን ወረቀት ከመጽሐፉ ጋር እያመሳከሩ ስህተት እንዲያድኑ አደረግሁ። አሥራ አንድ ስህተት ተገኘ፤ ሦስቱ ከእኔ ሰሌዳ የተገለበጡ ነበሩ፤ አንዱ የመጽሐፉ የራሱ የኅትመት ስህተት። ያን ሳምንት ያጠኑትን ያህል ዓመቱን ሙሉ ያጠኑ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን አልተስተካከለም፤ ውስጤን የሚበላኝም እሱ ነው። ልጅቷ ከተመለሰች ወዲህ ቀለም አልነካችም። ቡድኗ የልቡን ወረቀት እንደ አዲስ ሲሠራ እሷ በእርሳስ መስመር ብቻ አሰመረች፤ ቀዩንና ሰማያዊውን ሌሎቹ ቀቡት። «ነይ ቀቢ» ስላት «እነሱ ይሻላሉ፣ ቲቸር» ትለኛለች፣ በትሕትና። አንተ ያን ነገር ስንት ዓመት ይዘኸው ዞርክ? ሰው ቢመጣልህ ኖሮ ትመለስ ነበር? ከተመለስክ በኋላስ ደብተር ለመግለጥ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብህ ነበር? ጠይቄህ አላውቅም። እባክህ ጻፍልኝ፤ ለራሴም ለእሷም ያስፈልገኛል።

ፈተናው ከትናንት ወዲያና ትናንት ተሰጠ። እኛ መምህራን ወደ ፈተና ክፍል መጠጋት አይፈቀድልንም፤ እኔ ግቢው ውስጥ ውሃ ቧንቧው አጠገብ ቆሜ ጥፍሬን ስበላ ዋልኩ። አእምሮዬ ውስጥ ሃምሳ ሁለት እጆች «ቀኝ» ብለው ሲያከብቡ ይታየኝ ነበር። ደወሉ ተደውሎ የሳይንሱ ፈተና ሲያልቅ ልጆቹ እንደ ጎርፍ ወጡ። መጠየቅ ፈራሁ። ልጅቷ ከመካከላቸው ወጥታ፣ ሕይወቷን ሙሉ ሮጣ የማታውቀው ልጅ፣ እየሮጠች መጣችና ትንፋሽ አጥሯት «ቲቸር፣ ስለ ልብ አንድም ጥያቄ አልመጣም!» አለችኝ።

አንድም! ያ ሁሉ ጭንቀት፣ ያ ሁሉ እንባ፣ ማስጠንቀቂያው፣ ስብሰባው፤ አንድም ጥያቄ። መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ከዚያ እኔ፤ ቧንቧውን ተደግፈን ሆዳችን እስኪያመን ሳቅን። የሚያልፉት ልጆች ፈተናው ያሳበደን መስሏቸው ቆመው አዩን። እሷ ከሄደች በኋላ ግን እዚያው ቁጭ አልኩ። ውጤቱ ከአንድ ወር በኋላ ይወጣል። በጎም ይሁን ክፉ፣ መጀመሪያ የምነግረው ላንተ ነው።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ስለ እኔ ከጠየቀችህ በልታለች፣ ጠግባለች በላት። ለባለቤትህ፣ አንተን ችላ ለመኖሯ ብቻ ምስጋናዬ ብዙ ነው፤ ወገብህን በሙቅ ጨርቅ እንድትይዝልህ አደራ። ትልቁን፣ ያን ፊት ፊት የሚሄደውን «ፊታውራሪ»፣ ትምህርት ላይም እንዲሁ ፊት ይሁን፣ ግን ከኋላ ያሉት ላይ እንዳይስቅ ንገርልኝ። ትንሿን ወሬኛ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ አስተማሪዋ «ኋላ» ካላት አሁን በሉኝ ብላ ትቁም። አንተንም እጅህን፣ ያን ጠባሳ ያለበትን እጅህን፣ ስሜሃለሁ።

የምትሳሳልህ፣ የምታስቸግርህ እህትህ

ከመምህራን መኖሪያ፣ ከሦስተኛው በር
ሰኔ 19 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ